ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት የከሸፉ ፎቶዎቻችሁን ቁጠሩ

ኮምፒውተሬ ላይ «የከሸፉ» የሚል ፎልደር አለ። ጭራዋ ብቻ የቀረች ወፍ አለችበት። ጭስ የመሰለ ሚዳቋ አለበት። ቅርንጫፉ ጥርት ብሎ ንስሩ የደበዘዘበት ፎቶ ደግሞ ቁጥር የለውም። ሰው ሲያየው ይስቃል። እኔ ግን ሁለተኛውን ቴሌፎቶ ዙሜን፣ ማለትም ሩቁን የሚያቀርበውንና የማቅረቡ መጠን የሚለዋወጠውን ሌንሴን፣ የመረጥኩት በዚህ ፎልደር ነው። የመጀመሪያውን የመረጥኩት ሳጥኑ ላይ ያለውን ትልቅ ቁጥር አይቼ ነበር።

የመጀመሪያው 150-600 ነው፤ ከ150 እስከ 600 ሚሊሜትር ይዞራል፣ ሚሊሜትሩ በጨመረ ቁጥር ሩቁ ይቀርባል። የማን ሥራ እንደሆነ ልተወው፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የሌንሱ አልነበረም። ከካሜራው ጋር ሦስት ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረው። የመጀመሪያውን ወር በየሳምንቱ ይዤው ወጣሁ። በሁለተኛው ወር አንዴ ብቻ። ከዚያ በኋላ ግራ ትከሻዬ ጠዋት ጠዋት «ዛሬ ደመና ነው፣ ይቅር» ማለት ጀመረ።

አንድ ቀን ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ዓሣ አጥማጅ ወፍ እጠብቃለሁ። ወፏ ግንድ ላይ ናት። እኔ ሌንሱን ዓይኔ ላይ ደቅኜ ደቂቃ ቆጠርኩ። ክንዴ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አወረድኩት። ያወረድኩ ጊዜ ዘላ ውሃ ውስጥ ገባች። ሦስት ጊዜ ገባች፤ ሦስቱንም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ስመለስ ደግሞ ቀበሮ ከቁጥቋጦ ወጥቶ ስድስት ሜትር ላይ ቆመልኝ። ሌንሱ 600 ላይ ነው። ቀለበቱ ረጅም ስለሚዞር ወደ 150 እስክመልሰው ሄደ። የቀረልኝ ሁለት ጆሮና ግንባር ነው።

እነዚህ ሁለት ኪሳራዎች ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው 600 ጋር ግንኙነት የላቸውም። አንዱ የክብደት ነው። አንዱ የዙም ቀለበት ነው። ስለዚህ ሌንስ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ አሁን ባላችሁ ሌንስ ያነሳችሁትን መጥፎ ፎቶ ሁሉ አንድ ላይ አድርጉና ለምን እንደተበላሸ ለዩት። ግማሽ ቀን ይበቃል።

እኔ በአራት ከፈልኳቸው። እንስሳው በጣም ያነሰባቸው፣ የተንቀጠቀጡት፣ ጨልመው አሸዋ የተበተነባቸው የሚመስሉት፣ እና እንስሳው ከፍሬም የወጣባቸው። «ሌንሴ አጠረኝ» ብዬ ስለማምን አብዛኞቹ ትንንሾቹ ይሆናሉ ብዬ ነበር። አልሆኑም። ከግማሽ በላይ የተንቀጠቀጡና አሸዋ ያረፈባቸው ናቸው። ከትንንሾቹም ብዙዎቹ እኩለ ቀን ላይ፣ አየሩ በሙቀት ሲንቀለቀል፣ በጣም ከሩቅ የተነሱ ናቸው። እነዚያን ምንም ዓይነት ሌንስ አያድናቸውም። ሙቀቱ የሚያውከው አየሩን ስለሆነ፣ ረጅም ሌንስ ስትጨምሩበት የሚያጎላው ያንኑ ውዝዋዜ ነው።

ፎቶው የተነሳበትን ሚሊሜትርም እዩ። በፋይሉ መረጃ ውስጥ ተጽፏል። ሁሉም ማለት ይቻላል በሌንሳችሁ ጫፍ ላይ ከሆኑ በእርግጥ አጥሯችኋል። ግማሹ 180፣ ግማሹ 350 ከሆነ ግን የምትፈልጉት ርዝመት ሳይሆን ስፋት ያለው ዙም ነው።

አሁን ስለ ርዝመቱ። አንድ ቀላል ስሌት ብዙ ሐሜት ያስቀራል። የእንስሳውን መጠን በርቀቱ አካፍላችሁ በሌንሱ ሚሊሜትር አባዙት። ሴንሰሩ ላይ፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል ላይ፣ የሚያርፈው ምስል መጠን ይወጣላችኋል። 20 ሴንቲሜትር የምታክል ወፍ 20 ሜትር ላይ ብትሆን፣ በ600 ሌንስ ሴንሰሩ ላይ 6 ሚሊሜትር ትሆናለች። ፉል ፍሬም የሚባለው፣ የድሮውን የፊልም ፍሬም የሚያህለው ሴንሰር ወርድ 36 ሚሊሜትር ነው። አንድ ስድስተኛ! ያ ሁሉ ክብደት ለአንድ ስድስተኛ። በ400 ሌንስ ደግሞ 4 ሚሊሜትር፣ አንድ ዘጠነኛ ናት። ግን በ400ው 10 ሜትር ድረስ ብትጠጉ 8 ሚሊሜትር ሆነች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ማለት ይሄ ነው።

መጠጋት ሁልጊዜ አይቻልም፤ አውቃለሁ። አንዳንዱን እንስሳ መጠጋትም ነውር ነው፣ በተለይ ጎጆ ላይ ያለ ወፍ። አደገኛውንማ ተዉት። ነገር ግን ዝቅ ብሎ ተቀምጦ መጠበቅ የምትወዱ ሰዎች ከሆናችሁ 400 ወይም 500 ይበቃችኋል። ከመኪና መስኮት ብቻ የምታነሱ ከሆነ፣ ወይም ውሃ መሐል ያሉ ወፎች ከሆኑ ፍላጎታችሁ፣ 600 እና ከዚያ በላይ ሂዱ።

ካሜራችሁም ስሌቱ ውስጥ አለ። ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው፣ ከፉል ፍሬም ያነሰ ሴንሰር ያላቸው ካሜራዎች እይታውን በ1.5 ያጠባሉ፤ የካኖኖቹ በ1.6። ይበልጥ ያነሰው ማይክሮ ፎር ተርድስ በ2። 400 ሌንስ ኤፒኤስ-ሲ ላይ ሲገባ እንደ 600 ያያል ማለት ነው። ሌንሱ አልረዘመም፤ ዳር ዳሩ ተቆረጠ እንጂ። ፉል ፍሬም ያላችሁም ይሄንኑ በኮምፒውተር ልታደርጉት ትችላላችሁ። ከ45 ሜጋፒክሰል ፎቶ ላይ ይህንኑ ያህል ብትከረክሙ 20 ይቀራል። ለትልቅ ህትመት እንኳ ያገለግላል። ካሜራችሁ 24 ከሆነ ግን 10 ወይም 11 ነው የሚተርፈው፤ እዚያ ላይ የሌንሱ ርዝመት የምር ያስፈልጋል።

ከሚሊሜትሩ ቀጥሎ ሳጥኑ ላይ «ኤፍ 5.6-6.3» ዓይነት ጽሑፍ አለ። ብዙ ሰው ያልፈዋል። እኔም አልፌው ነበር። ትርጉሙ እንዲህ ነው፤ በአጭሩ ጫፍ የብርሃን መግቢያው እስከ 5.6 ይከፈታል፣ በረጅሙ ጫፍ እስከ 6.3 ብቻ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብርሃን ይበዛል።

እስቲ 600ን ለ6.3 አካፍሉት። 95 ይመጣል። 600 ላይ ሌንሱ የሚፈልገው የመግቢያ ስፋት ይሄ ነው፣ በሚሊሜትር። የሶኒው 200-600 እና የኒኮኑ ዜድ 180-600 ከፊታቸው የሚጠመቀው ፊልተር ስፋት ስንት ነው? 95። የካኖኑ አርኤፍ 100-500 ደግሞ ጫፉ ላይ ኤፍ 7.1 ነው። 500 ሲካፈል ለ7.1፣ 70 ገደማ። ፊልተሩም 77 ነው፤ ክብደቱም ትራይፖድ ላይ የሚያስረው ቀለበት ሳይቆጠር 1370 ግራም አካባቢ። ሶኒው ከ2100 ግራም በላይ ነው። እንግዲህ ቀላሉ ሌንስ ጨለም ያለው ኩባንያው ሰስቶ አይደለም። መስታወቱ አንሶ ነው። 600ን በኤፍ 4 ልሥራ ብትሉ 150 ሚሊሜትር መስታወት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ነው እነዚያ ዙም የሌላቸው ትላልቆቹ ሌንሶች ከ3 ኪሎ የሚያልፉት።

ይሄ ሜዳ ላይ ምን ያመጣል? ኤፍ 4 ላይ የሸተሩ ፍጥነት፣ ማለትም ብርሃኑ የሚገባበት ጊዜ፣ 1/2000 ሰከንድ ቢሆን፣ ኤፍ 8 ላይ በዚያው ብርሃንና በዚያው አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 1/500 ይሆናል። 1/500 ለቆመች ሚዳቋ ይበቃል። ለምትበር ወፍ አይበቃም፤ እኔ ለትንሿ ወፍ ከ1/2000 መውረድ አልወድም። ያንን ፍጥነት ለማስጠበቅ አይኤስኦውን ከ1600 ወደ 6400 ታወጣላችሁ። አሸዋው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ ነጠብጣቡን የሚያጠፉ ጥሩ ጥሩ ሶፍትዌሮች አሉ፤ 6400 እንደ ድሮው አያስፈራም። ቢሆንም ጫካ ውስጥና ጎህ ሲቀድ የምትሠሩ ከሆነ፣ ከ5.6 ወደ 7.1 ያለው ልዩነት ይቆጠራል። ፀሐይ ወጥቶ ሜዳ ላይ ለሚሠራ ሰው ግን 7.1 ምንም አይለውም። «የከሸፉ» ፎልደር ውስጥ የፎቶዎቹን ሰዓት እዩት፤ እሱ ይነግራችኋል።

ክብደቱን ለመሞከር ሱቅ አያስፈልግም። ሁለት ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ አንሱ። ሁለት ኪሎ ነው፤ ከነዚህ የ600 ዙሞች ጋር ይቀራረባል። ዓይናችሁ ፊት ለፊት ይዛችሁት ሁለት ደቂቃ ቁሙ። ካሜራው ገና አልተጨመረም። ከዚያ አንድ ሰዓት ትከሻችሁ ላይ አንጠልጥላችሁት ተራመዱ። እኔ ይሄን ከመጀመሪያው ግዢ በፊት ባደርገው ኖሮ!

ሁለት ዓይነት ዙም አለ። አንደኛው ስታዞሩት ይረዝማል። ሁለተኛው ሁሉንም ነገር ውስጥ ለውስጥ ይጨርሳል፤ ርዝመቱ አይለወጥም። የሶኒው 200-600፣ የኒኮኑ 180-600 እና የፉጂፊልሙ 150-600 ሁለተኛው ዓይነት ናቸው። ቦርሳ ውስጥ ቦታ ይይዛሉ። ግን ቀለበታቸው ቀላል ነው፣ ሚዛናቸው አይናጋም፣ አቧራም እንደሚረዝሙት አይስቡም። የሚረዝሙት ደግሞ ሲታጠፉ ያጥራሉ፤ ለመንገደኛ ጥሩ ናቸው። ስትሞክሩ ቀለበቱን ከጫፍ ጫፍ በአንድ የእጅ እንቅስቃሴ ማዞር ትችሉ እንደሆነ እዩ። ካልቻላችሁ የእኔን ቀበሮ አስታውሱ።

አጭሩ ጫፍም ይረሳል። 600 ላይ የምታዩት ማዕዘን 4 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚያ ቀዳዳ የምትበር ወፍ መፈለግ ጨለማ ውስጥ መርፌ መፈለግ ነው። ዙም ያላችሁ ሰዎች መጀመሪያ 200 ላይ ታገኟታላችሁ፣ ከዚያ ታቀርቧታላችሁ። ዝንጀሮዎች መሐል ለተቀመጠ ሰው ደግሞ 200 ራሱ ይበዛበታል፤ እዚያ 100 የሚጀምር ሌንስ ያለው ሰው ይስቃል። ካኖኑ 100-500 ከ0.9 ሜትር ፎከስ ስለሚያደርግ ቢራቢሮና እንሽላሊትም ይሆንለታል። ሶኒው 2.4 ሜትር ይፈልጋል።

ስለ ምርጫዎቹ ፍርዴን ባጭሩ ልናገር። ሶኒ ላለው ሰው ከ2019 ጀምሮ ያለው 200-600 እስካሁን ለመኪናና ለትራይፖድ የሚሻል አላየሁም። ኒኮን ዜድ ላለው የ2023ቱ 180-600። ለእግረኛ ካኖን ተጠቃሚ 100-500። የካኖኑ 200-800 ርዝመቱ ያጓጓል፤ ግን 800 ላይ ኤፍ 9 ነው፣ ብርሃን ያለበት አገር ይፈልጋል። የሲግማና የታምሮን 150-600ዎች ገንዘብ ለሚቆጥር ሰው ጥሩ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ እወቁ፤ ሶኒ ካሜራ ላይ የሌላ ኩባንያ ሌንስ ስትገጥሙ በተከታታይ ስታነሱ ከሰከንድ 15 ፍሬም አያልፍም፣ የሶኒን ቴሌኮንቨርተርም (በካሜራውና በሌንሱ መሐል ገብቶ ሩቁን ይበልጥ የሚያቀርብ ተጨማሪ መስታወት) አይቀበልም።

ቴሌኮንቨርተር ካነሳሁ አይቀር። 1.4ው ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል፣ 2ው ወደ ሩብ ያወርደዋል። ኤፍ 6.3 ሌንስ ላይ 2ውን መጨመር «እንኳን ዘንቦብሽ፣ ድሮም ጤዛ ነሽ» ነው፤ ኤፍ 13 ላይ ትደርሳላችሁ። ኦቶፎከሱም ይዘገያል። 1.4ውን አልፎ አልፎ እጠቀማለሁ። የካኖኑ 100-500 ላይ ደግሞ ወጥመድ አለ፤ ኮንቨርተር ሲገባ ዙሙ ከ300 በታች አይመለስም። 100 የሚጀምረውን ሌንስ የገዛችሁበት ምክንያት ጠፋ ማለት ነው።

ቪዲዮ የምትቀርጹ ከሆነ እስካሁን ያልኩት ግማሹ ይገለበጣል። ይሄን ያስተማረችኝ ጓደኛዬ ናት። ለሷ ፎቶ ማንሳት ጨዋታ ነው፤ ሥራዋ ቪዲዮ ነው። አንድ ቀን ሌንሴን ተውሳ ሄደች። ማታ ስትመልሰው «ቆንጆ ነው፣ ግን ፎከሱን አላምነውም» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለፎቶ የተሠሩ አብዛኞቹ ዙሞች ከ200 ወደ 600 ስትሄዱ ፎከሱ ይንሸራተታል። ፎቶ ላይ አይታወቅም፤ ኦቶፎከሱ ወዲያው ያስተካክለዋል። ቪዲዮ ላይ ግን ያ ማስተካከል ይታያል። ምስሉ ፈዘዝ ብሎ ይመለሳል። የምትገዙትን ሌንስ እንዲህ ሞክሩት፤ ረጅሙ ጫፍ ላይ ፎከስ አድርጉ፣ ኦቶፎከሱን አጥፉ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ አጭሩ ተመለሱ፣ ምስሉን አጉልታችሁ እዩት። ጓደኛዬ መፍትሔዋ ቀላል ነው። እየቀረጸች ዙም አታደርግም። ትቆርጣለች፣ ታስተካክላለች፣ እንደገና ትጀምራለች።

ብርሃኑም በተቃራኒው ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም ስትቀርጹ የሸተሩ ፍጥነት 1/50 አካባቢ ይሁን ይባላል፣ እንቅስቃሴው ተፈጥሯዊ እንዲመስል። በ1/50 ቀን ላይ ብርሃን ይተርፋል እንጂ አያንስም። ስለዚህ የኤፍ 6.3 ጨለማ ችግር መሆኑ ይቀርና ኤንዲ ፊልተር ማስፈለጉ ይመጣል፤ ለካሜራው የፀሐይ መነጽር በሉት። ለ95 ሚሊሜትር የሚሆን ኤንዲ ደግሞ ትልቅና ውድ ነው። ሌንሱን ከመግዛታችሁ በፊት የፊልተሩን መጠን ጠይቁ።

በዙሙ ጫፎች መሐል የኤፍ ቁጥሩ ስለሚለዋወጥ፣ እየቀረጻችሁ ብታቀርቡ ምስሉ ይጨልማል። 5.6-6.3 ላይ ትንሽ ነው፤ ከ6.3 ወደ 9 ላይ ግን ብርሃኑ በግማሽ ይወርዳል። መላው ከመጀመሪያው ጠባቡ ቁጥር ላይ ማስቀመጥ ነው። 6.3 ከሆነ ጫፉ፣ 200 ላይም 6.3 ይሁን።

ማረጋጊያው፣ ያ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክሰው፣ ለቪዲዮ ሕይወት ነው። በረጅም ሌንስ ላይ ከካሜራው ማረጋጊያ ይልቅ የሌንሱ ይበልጥ ይሠራል፤ ሌንሱ ውስጥ የሌለ ከሆነ ለቪዲዮ አትግዙት። ብዙዎቹ ላይ 1፣ 2፣ 3 የሚል መምረጫ አለ። 1 ለቆመ ነገር፣ 2 ካሜራውን ወደ ጎን እያዞራችሁ ስትከተሉ ነው። ይሄን ካላስተካከላችሁ ካሜራውን ስታዞሩ ምስሉ መጀመሪያ ይጎተታል፣ ስታቆሙ ደግሞ ትንሽ ይሸሻል። ያቺን መሸሽ ካየኋት በኋላ በሰው ቪዲዮ ሁሉ ላይ ትታየኛለች፤ ይቅርታ፣ እናንተም ከዛሬ ጀምሮ ታዩዋታላችሁ።

600 ላይ በእጅ ይዞ ረጅም ቪዲዮ መቅረጽን እርሱት። ትራይፖድ፣ እላዩም ፍሉይድ ሄድ ያስፈልጋል፤ ያ በዘይት የሚሠራው፣ ሳይቆራረጥ የሚዞረው። ስለዚህ ገንዘባችሁን ሁሉ ሌንሱ ላይ አትጨርሱ። ርዝመቱ የማይለወጥ ሌንስ እዚህ ላይ ወርቅ ነው። የሚረዝመው ዙም ባደረጋችሁ ቁጥር አፍንጫው ወደ መሬት ያዘነብላል፤ ሚዛኑን እንደገና ታስተካክላላችሁ፣ እንስሳው ይሄዳል።

ለቪዲዮ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። 4ኬ የሚባለው ጥራት ያለው ቪዲዮ የሚፈልገው 8 ሜጋፒክሰል ገደማ ብቻ ነው። ፒክሰል የበዛለት ፉል ፍሬም ካሜራ ካላችሁ ወደ ኤፒኤስ-ሲ ቀይራችሁ ስትቀርጹ 400ው እንደ 600 ያያል፣ ጥራቱም ብዙ አይጎዳም። ጓደኛዬ በ100-400 የምትሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ በስልክ መብራት ወደ ውስጥ እዩ። ጥቂት አቧራ ምንም አይደለም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ፈንገስ ነው፣ ተዉት። ካሜራው ላይ ገጥማችሁ ወዘወዝ አድርጉት፤ መጋጠሚያው መላላት የለበትም። የትራይፖድ ቀለበቱ አብሮ መኖሩንም አትርሱ።

አዲስም ሆነ ያገለገለ፣ የመጀመሪያው ቀን ፈተና አንድ ነው። ጡብ ግድግዳ ፈልጉ፣ ትራይፖድ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፣ በአጭሩ፣ በመሐሉና በረጅሙ ጫፍ አንሱ። አራቱን ጥግ አጉልታችሁ አወዳድሩ። ግራው ጥርት ብሎ ቀኙ የፈዘዘ ከሆነ መስታወቱ ተዛብቷል። ከዚያ ማረጋጊያውን አብሩና 600 ላይ በእጃችሁ ይዛችሁ ሃያ ፎቶ በ1/250 አንሱ፤ ስንቱ እንደሚተርፍ ቁጠሩ። በመጨረሻ ወደ እናንተ የሚመጣ ውሻ ወይም ብስክሌት ፈልጋችሁ ኦቶፎከሱን አሩጡት።

ይሄን ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ጨርሱ። መመለስ የሚቻልበትን የመጨረሻ ቀን ደረሰኙ ላይ አንብባችሁ ስልካችሁ ላይ ማንቂያ ሙሉለት። እኔ በሁለት ቀን ዘግይቼ፣ ያ 150-600 ገዢ እስኪያገኝ ድረስ አንድ ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል።